ሠላሳ ቅርንጫፍ ክሽክሽ

ሰው ስም ሲያወጣ አይምርም። እሷን ያሏት እትዬ ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ ማለት ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ፣ በለውዝ ቀንበጥ ላይ ተለጥፋ ወዙን የምትመጥ ጥቁር ተባይ ናት፤ አንዷን አየሁ ስትሉ ሺህ ሆና ትጠብቃችኋለች። ስሙን ያወጡላት የምርምር ጣቢያው ሾፌሮች ናቸው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ይህችኑ ተባይ መቁጠር ስለነበር። መጀመሪያ ሰሞን ስሙን በሰማች ቁጥር ሁለት ሁለት ቀን ታኮርፍ ነበር። በኋላ ግን ስልክ ሲደወል ራሷ "አቤት፣ እትዬ ክሽክሽ ነኝ" ማለት ጀመረች፤ ያኔ ሾፌሮቹም ቀልዱ ጣዕም አጣባቸው።

ሥራዋ ሲነገር ቀላል ነው። ጣቢያው የሚፈልገው መድኃኒት ሳይረጭበት ተባይን ችሎ የሚያፈራ የለውዝ ዝርያ ነው፤ መድኃኒት መግዛት ያቃተው ገበሬ ማሳው ባዶ እንዳይቀር። ስለዚህ ብዙ ዝርያ ጎን ለጎን በየመደቡ ይዘራል፣ ከዚያ ተባይ ይለቀቅበታል፣ ከዚያ ማን እንደሞተና ማን እንደተረፈ ይታያል። እሷ በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለቻትን አጉሊ መነፅር ይዛ ከየመደቡ ዐሥር ተክል ትመርጣለች፣ ቀንበጡን ትገለብጣለች፣ ትቆጥራለች። መጨረሻ ላይ ለመደቡ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ነጥብ ትሰጣለች። አንድ ማለት ንጹሕ ነው፤ ዘጠኝ ማለት ዐፈሩ ይቅለላት።

ተባዩ ታዲያ እስኪመጣ አይጠበቅም። በመደቦቹ መካከል ክሽክሽን ጨርሶ የማትችል አንዲት ዝርያ ትዘራለች። በመዝገብ ያላት ስም ረዥም ነው፤ ሠራተኛው "ሟቿ" ይላታል። የሟቿ ሥራ መበላት ነው። ክሽክሹ እሷ ላይ ተራብቶ ግንዷን ሲያጠቁረው፣ ቅርንጫፏ እየተቆረጠ በየመደቡ ላይ ዐሥር ዐሥር ይጋደማል። የተቆረጠው ሲደርቅ ተባዩ ይርበውና ወደ ሕያው ተክል ይወርዳል። ለሁሉም እኩል ዐሥር ነው፤ አንድ አይበልጥም፣ አንድ አይጎድልም። እትዬ ክሽክሽ ለዚህ የተፈጠረች ሴት ናት። ክሽክሽ የሚበሉ ጥንዚዛዎች ማሳው ውስጥ ካየች እንኳ አንድ በአንድ እየለቀመች በጣሳ ወስዳ ከአጥሩ ውጭ ትለቃቸዋለች፤ ለአንዱ መደብ እንዳያዳሉ።

የኔ የምትላት አንዲት ዝርያ አለቻት፤ ሃያ ሰባት ቁጥር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ክሽክሽ ማሳውን ሙሉ ያቀጨጨ ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ ቢጫ ሬሳ መካከል አንዲት ተክል ብቻ አረንጓዴ ሆና አገኘቻት። ከሥሯ ስትነቅላት ሃያ ሁለት ፍሬ ተንጠለጠለ። በሻሿ ቋጥራ ለያኔው ኃላፊ ወሰደችለት። ሽማግሌው መነፅሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየና "አንቺ ሴትዮ፣ ዐይንሽ ዐይን ነው" ብሎ ከሙከራው ዝርዝር ውስጥ አስገባት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዘጠኝ ወቅት ተፈትናለች፤ ወድቃም አታውቅም። መዝገቡ ላይ ግን ማን አገኛት የሚል ቦታ የለም። እትዬ ክሽክሽ ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ አንድ ቀን ሃያ ሰባት ጸድቃ ለገበሬ ስትሰጥ፣ ማን ነው ያገኛት ተብሎ ስሟ ሲጠራ መስማት ነበር ምኞቷ።

ከዚያ ትንሿ እህቷ መጣች።

ትንሿ በዐሥራ አራት ዓመት ታንሳታለች። አባታቸው ሲሞት ትልቋ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ትንሿ አምስት ዓመቷ ነበር። ትልቋ ትምህርቷን ዐሥረኛ ክፍል ላይ አቁማ ጣቢያው ውስጥ በቀን ሠራተኛነት ገባች። ደብተር የገዛችላት፣ ጫማ የቀየረችላት፣ ፀጉሯን ስትሠራላት ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አጣብቃ የያዘች እሷ ናት። ትምህርት በሌለ ቀን ማሳ ይዛት ትሄድና መነፅሯን ሰጥታ "ቁጠሪ" ትላታለች። ልጅቱም ትቆጥራለች። ቆጥራ ቆጥራ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ሩቅ አገር ሄደች፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ዶክተር ሆና ተመለሰች። ሽማግሌው ጡረታ ወጥቶ ነበርና ወንበሩ ለማን ተሰጠ? ለእሷ። "አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ አለቃዬ አደረግኳት" ትላለች ትልቋ ለሰው። ስትናገረው ትስቃለች፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ሰው በንጉሥ አይቀናም። ሰው የሚቀናው ንፍጡን በጠረገለት ነው። የሩቁ ሰው ቢሾም "ይሁንለት" ተብሎ ይታለፋል፤ እንትፍ ብለህ ፊቷን ያጠብካት ልጅ ከጠረጴዛ ወዲያ ተቀምጣ "ሪፖርቱን ነገ አድርሺልኝ" ስትል ግን አንጀት ድብን ይላል። እትዬ ክሽክሽ ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምትሠራውን ስትሰሙ እንዳትፈርዱባት አይደለም፤ ፍረዱባት፣ ግን ዐውቃችሁ ፍረዱባት።

ነገሩ ከሚስማር ነው የጀመረው። እናታቸው ሳሎን ውስጥ፣ ገቢ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንድ ጥሩ ሚስማር አለ። ትልቋ ሃያ ዓመት ስታገለግል የተሰጣት የምስጋና ወረቀት፣ መስታወት ገብቶለት እዚያ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ትንሿ በተመለሰች ሳምንት ወረቀቱ ወደ ኮሪደሩ ተዛወረ። በቦታው ጥቁር ጋዋን የለበሰች ትንሿ ጥርሷን ገልጣ ተሰቀለች።

"እማዬ፣ ወረቀቴን ማን አወረደው?"

"እኔ ነኛ። ምን አለበት፣ አልተጣለም እኮ። ኮሪደሩም ቤት ነው።"

እትዬ ክሽክሽ ተነሣች። ሻይዋን ይዛ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ ጠጣችው።

በሌላ ቀን ደግሞ ጎረቤቷ ልትጠይቃቸው መጥታ ሳለ፣ እናትየው "ልጄ እኮ ለውዝን ከተባይ ልታድን ነው" ስትል ትልቋ ከጓዳ ሰማቻት።

"የትኛዋ?"

"ምሁሯ ነቻ።"

"ትልቋስ?"

"እሷም እዚያው ናት። ትቆጥራለች።"

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእናት አፍ ግን አንዳንዴ አንዱን ቀለም ብቻ ያወራል። "ትቆጥራለች" የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ገብታ ወራት ሙሉ አልወጣችም። ማሳ ውስጥ ጎንበስ ስትል ትሰማታለች፣ አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል ትሰማታለች።

ቢሮ ውስጥ ታዲያ አንድ መበቀያ አገኘች፤ አክብሮት። ሌላው ሠራተኛ ትንሿን አንቺ ሲላት፣ ትልቋ "እርስዎ" ማለት ጀመረች። በሩን አንኳኩታ ትገባለች፤ ሳትታዘዝ አትቀመጥም።

"እትዬ፣ በናትሽ እርስዎ አትበይኝ" አለቻት ትንሿ አንድ ቀን፤ ዐይኗ ውስጥ ውሃ ነበር።

"ኧረ እንዴት ተደርጎ ዶክተር፣ አለቃ አለቃ ነው።"

ትንሿ ከሄደችበት አገር ዘር ይዛ መጥታለች፤ ራሷ ሁለት ዝርያ አዳቅላ ያገኘችው ነው። መዝገቡ ላይ አርባ አንድ ቁጥር ተባለች። ቅጠሏ ሰፊ፣ አረንጓዴነቷ የጠቆረ፣ አበባዋ ቀድሞ የሚፈነዳ። ሠራተኛው ሁሉ መደቧ ጋ ሲደርስ ቆም ይላል። ትልቋ ገና ባየቻት ቀን እንደ ክፉ አማት ጠላቻት፤ ግንዷ ቀጠነ፣ ሥሯ ሳሳ፣ አበባዋ በዛ፣ የማትለው አልነበረም።

የቀጣዩ ወቅት ዘር ሊዘራ ሲል ትንሿ ሠራተኛውን ሰብስባ ተናገረች። "አጽዳቂው ኮሚቴ ዘንድሮ ከኛ የሚቀበለው አንዲት ዝርያ ብቻ ነው። ወይ ሃያ ሰባት፣ ወይ አርባ አንድ። እኔ አላዳላም፤ ክሽክሹ ይፍረድ።" ይህን ብላ ወደ ትልቋ ተመለከተች። ትልቋ ጫማዋን ተመለከተች።

እስከዚህም ቢሆን ነገሩ በኩርፊያ ባለፈ ነበር። ግን አንድ ዓርብ እንግዶች መጡ። ትንሿ ከፊት እየመራች በመደቦቹ መካከል አስጎበኘቻቸው፤ ትልቋ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብላ ተከተለች። ሃያ ሰባት ጋ ሲደርሱ አንደኛው እንግዳ ጎንበስ ብሎ ቅጠሏን ዳሰሰና "ይህችን ማን ነው ያገኛት?" ብሎ ጠየቀ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። የትልቋ እጅ ሳታውቀው መነፅሯን ጨበጠ።

"የጣቢያችን ውጤት ናት" አለች ትንሿ፣ ወደኋላዋ እንኳ ሳትዞር። እንግዳውም ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው መደብ አለፈ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሌለ ጣቢያው ጭር ብሏል። ከአጥሩ ሥር ወፍ በፉጨት የሚያባርሩ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሟቿ ለመቆረጥ ደርሳለች፤ ትልቋም መቀሷንና ቅርጫቷን ይዛ መጣች። ቅርንጫፍ መጫኛው ቀን ሰኞ ነበር፤ ግን ከሁለት ቀን በፊት መጫን ወንጀል አይደለም። ሁሉም መደብ ላይ ዐሥር ዐሥር ጫነች። ሃያ ሰባት ላይ ስትደርስ አምስት ብቻ ልትጥል እጇን ሰበሰበችና ቆመች። እጇ እምቢ አላት። ዐሥር ጫነችባት። ለልጇ ማዳላት ውርደት መሰላት፤ የሌላ ሰው ልጅ መበደል ግን ውርደት አልመሰላትም።

ከዚያ ወደ አርባ አንድ ዞረች። አርባ አንድ ሦስት መደብ አላት። በሦስቱም ላይ፣ ዐሥሩን ከጫነች በኋላ፣ ሃያ ሃያ ጨመረችባቸው። ቅርንጫፎቹ በተባይ ጠቁረው ጣቷ ላይ ይጣበቃሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ቅርጫቷን ሞልታ ስትመለስ ዘበኛው ከበርጩማቸው ተነሥተው ቀረቡ።

"ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው፣ ልጄ።"

"ክሽክሽ ቅዳሜ አያውቅም፣ አባባ።"

"እዚያኛው ላይ አበዛሽበት ልበል?"

"ቆጥረዋል እንዴ?"

"እኔ ምን ቁጥር አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ፉጨትዎን ይቀጥሉ።"

ሽማግሌው ፉጨታቸውን ቀጠሉ። እሷ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ላይ ራሷን ተከራከረች። መድኃኒት አልረጨሁም፤ ሥር አልነቀልኩም፤ የጨመርኩት ክሽክሽ ነው፣ ሥራዬም ክሽክሽ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በራፏ ላይ ስትደርስ እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች።

በመጀመሪያው ሳምንት አርባ አንድ ከላይ እስከ ታች ጠቆረች። በአንድ ቀንበጥ ላይ ሦስት መቶ ዐሥር ቆጥራ መዘገበች፤ ቁጥሯ አልዋሸም፣ ያየችውን ነው የጻፈችው። ትንሿ መጥታ መደቡ ውስጥ በጉልበቷ ተንበረከከች። ቅጠሉን ገለበጠች፣ መለሰች፣ ደግማ ገለበጠች።

"ምን ሆና ነው እንዲህ የሆነችው?"

"ክሽክሽ ነዋ ዶክተር።"

ትንሿ ተነሣች። የሱሪዋን ጉልበት እንኳ ሳታራግፍ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ትልቋ ያን ሳምንት ጥሩ እንቅልፍ ተኛች፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ምግብ ጣማት፤ እናቷን እንኳ ሳቀችላት።

በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ ወደ መቶ አርባ ወረደ። ተሳስቼ ነው ብላ ሌላ ዐሥር ተክል መረጠች፤ ያው ነው። መነፅሯን አስጠግታ አየች። ትልልቆቹ ክሽክሾች ቀንበጡ ላይ አሉ፤ ልጆቻቸው ግን የሉም። ይወጋሉ፣ ወዙን ይመጥጣሉ፣ ግን አይወልዱም። ጥንዚዛ በልቷቸው ይሆናል ብላ ፈለገች፤ ጥንዚዛ የለም። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ላይ የቀረው የደረቀ ቅርፊታቸው ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ይበናል። አርባ አንድ ከላይዋ አዲስ ቀንበጥ አውጥታ፣ አበባዋን ዘርግታ፣ ፀሐይ ትሞቃለች። እትዬ ክሽክሽ መደቡ ዳር ቁጭ አለች።

በመጨረሻው ቆጠራ ሃያ ሰባት ሦስት ነጥብ አገኘች። አርባ አንድም ሦስት ነጥብ አገኘች። ሌሎቹ ዝርያዎች ከስድስት በላይ ናቸው፤ ሟቿማ ዘጠኝ ሆና ከተቀበረች ቆየች። ለወረቀቱ ሁለቱ እኩል ናቸው። ግን ዐሥር ተሸክሞ ሦስትና ሠላሳ ተሸክሞ ሦስት አንድ አይደለም፤ ይህንን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አርባ አንድን ልትገድል ብላ፣ ማንም ምሁር ያላሰበውን ከባድ ፈተና ፈተነቻት፤ አሳለፈቻትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏችኋል ይኼ ነው።

ትንሿ ቢሮ አስጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ የመስክ መዝገቡና አንድ የተሞላ ፎርም ነበር።

"ተቀመጪ።"

"ቆሜ ይሻለኛል ዶክተር።"

"እኩል ወጥተዋል።"

"እንደዚያ ነው።"

"አርባ አንድ የተፈተነችው ሁለት ወቅት ነው። ሃያ ሰባት ከዘንድሮው ጋር ዐሥር። እኩል ከሆኑ የቆየችው ትቅደም ብያለሁ። ለኮሚቴው የማቀርበው ሃያ ሰባትን ነው።" ፎርሙን አዙራ ገፋችላት። "አግኚ የሚል ቦታ የለውም። ከታች በእጄ ጨምሬበታለሁ።"

ትልቋ አነበበች። ስሟ ከነአባቷ፣ በትንሿ ጥርት ያለ ጽሕፈት፣ ከሃያ ሰባት ሥር ተጽፏል። "በመስክ ለይታ ያገኘቻት" ይላል። ስትመኘው የኖረችው ነገር በግማሽ ወረቀት ላይ ተቀምጦ እያያት ነው።

"ያን ቀን እንግዳው ሲጠይቅ ስምሽን ያልጠራሁት" አለች ትንሿ፣ "እህቷ ናት ያወደሰቻት እንዳይሉሽ ብዬ ነው። የኔ ነገር ያንቺን እንዳያበላሽ። ከፍቶኝ ነው የከረምኩት።"

ይህን ጊዜ እትዬ ክሽክሽ ደስ ይላታል፣ ታለቅሳለች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ቅናትን አታውቁትም። ቅናቷ ከዚያች ደቂቃ በላይ ነዶ አያውቅም። በትምህርት በለጠችኝ፤ ይሁን። በወንበር በለጠችኝ፤ ይሁን። እናቴን ወሰደች፣ ሚስማሬን ወሰደች፤ ይሁን። አሁን ደግሞ የራሷን ልጅ አስቀምጣ የኔን አስቀድማ፣ በደግነትም ልትበልጠኝ ነው? እኔ ሌባ ሆኜ፣ እሷ ሰጪ ሆና ልንኖር ነው? ይኼንንስ አልሰጣትም፣ አለች በልቧ።

"እኩል አይደሉም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"አርባ አንድ ላይ ሠላሳ ነው የጫንኩባት። በሦስቱም መደብ። የኔዋ ላይ ዐሥር ነው። ያንቺዋ ትበልጣለች።" እርስዎ ማለቱ ከአፏ ወድቆ ጠፍቶ ነበር።

ከውጭ የመኪና ሞተር ተነሥቶ ራቀ።

"ለምን?"

"ቀንቼ ነዋ። ለምን ይሆናል።"

"ያንቺዋ ላይስ ለምን አልቀነስሽም?"

"እሷንማ እንዴት ብዬ። ልጄን አላሳፍራትም።"

ትንሿ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ የማይታወቅ ድምፅ አወጣች፤ ከዚያ ፊቷ ተዘጋ። "ቁጥር አይዋሽም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ እኮ" አለች። "ገና ፊደል ሳልጨርስ።"

"ቁጥሩ መች ዋሸ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ትንሿ ፎርሙን አንሥታ ለሁለት አጠፈችው፤ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። "የዘንድሮው ሙከራ ተበላሽቷል። አንዳቸውም አይሄዱም። ይህንኑ ለበላይ እጽፋለሁ። ስምሽንም እጽፋለሁ፣ እትዬ።"

"ጻፊው" አለች ትልቋ። "ስሜ ወረቀት ላይ እንዲወጣ ስፈልግ አልነበር?"

"በሚቀጥለው ወቅት ሁለቱም ላይ ሠላሳ ሠላሳ ይጫናል።"

"በማን እጅ?"

"ባንቺ። ሌላ እጅ የት አለኝ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ እቆጥራለሁ።"

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ስሟ ከነአባቷ ደህና ተደርጎ በማሽን ተጽፎበታል። ሾፌሮቹ ወሬውን ሰምተው ለአንድ ወር ያህል ሻይ ቤት ስትገባ "ሻዩ ላይ ስንት ስኳር ይጫን? ሠላሳ?" እያሉ ጠየቋት። እሷም "ዐሥር፣ አንድ ሳይጎድል" ትላቸዋለች። ትንሿ ግን እሑድ እሑድ እናቷ ቤት መምጣቷን ተወች። እናት "ምነው ጠፋች?" ስትል ትልቋ "ሥራ በዝቶባት ነው" ትላለች፤ እያንዳንዱን እሑድ ግን ትቆጥር ነበር፤ ስድስት ሆኑ። በሰባተኛው ትንሿ መጣች። ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ፤ ስለ ለውዝ ማንም አላነሣም።

ወቅቱ ዞሮ መጣ። ሟቿ ጠቆረች፤ መቀስና ቅርጫት ወጣ። እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ቆሙ። አርባ አንድ ላይ ሠላሳ። ትንሿ ድምፅዋን አውጥታ ቆጠረች። ቀጥሎ ሃያ ሰባት ላይ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዐሥር ሲያልፍ የትልቋ እጅ ዘገየ። ዐሥራ አንድ። ዐሥራ ሁለት። ትንሿ አላጣደፈቻትም። ሠላሳኛውን ስታጋድም ቅርንጫፉን በጣቷ አቃንታ፣ ልክ ተክሏ ጉያ ውስጥ አስተካክላ አስቀመጠችው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሰባት ቻለች። በሁለተኛው የቀንበጧ ጫፍ ተጨማደደ። ክሽክሹ እሷ ላይ ይወልዳል፤ ጥቂት ጥቂት ይወልድ ነበርና በዐሥር ቅርንጫፍ ጊዜ አያስታውቅባትም፣ በሠላሳ ግን መረራት። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ አነሰ፣ አበባዋ ረገፈ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያሳደገቻት ልጅ ናት። ጎረቤቷ አርባ አንድ እንዳምናው ሁሉ ቅርፊቱን አራግፋ ቆማለች።

የመጨረሻው ቆጠራ ቀን ትልቋ ሃያ ሰባት መደብ ውስጥ ረዥም ጊዜ ተቀመጠች። ትንሿ መዝገቡን ይዛ ከላይዋ ቆማለች።

"ስንት ልጻፍ?"

"ቆይ።"

"የማለፍና የመውደቅ ድንበር ላይ ናት እትዬ። ስድስት ብንላት ማንም ምንም አይልም።"

ትልቋ መነፅሯን እንደገና ዐይኗ ላይ አደረገች። የሞተውን ቅጠል ከቀረው ለየች፤ ዐሥሩንም ተክል እንደገና አየች። ልቧ ስድስት ስድስት ይላል። ከጎን ያለችው አርባ አንድ አረንጓዴነቷ እንኳ ያናድዳል። ቅናቱ ለቀቃት ወይ ብትሉኝ፣ አልለቀቃትም፤ እዚያው ደረቷ ውስጥ ነበር።

"ሰባት ናት" አለች። "መዝገቡን አምጪው፣ እኔ ልጻፈው።"

በራሷ እጅ ጻፈችው፤ ሰባት። ከአጠገቡ ደግሞ ለአርባ አንድ፤ ሦስት። ሃያ ሰባት ያን ቀን ተነቅላ፣ የተረፈው ፍሬዋ በወረቀት ፖስታ ታሽጎ ዘር መጋዘን ገባ። በሚቀጥለው ሳምንት የአርባ አንድ ፎርም ወደ ኮሚቴው ሄደ።

እሑድ ትንሿ ሳሎን ውስጥ፣ ከፎቶዋ ሥር ተቀምጣ ከጎረቤት ጋር ትጨዋወት ነበር። ትልቋ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች። እናትየው በትሯን እየተመረኮዘች ገባች፣ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

"ያ የለውዝ ነገራችሁ አለቀ አሉ። የማን አሸነፈ?"

"የትንሿ።"

"እሰይ፣ የኔ ልጅ።" እናትየው ፈገግ አለች። ከዚያ የትልቋን ፊት አየችና ፈገግታዋን ሰበሰበች። "አንቺስ?"

ትልቋ የያዘችውን ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ አዙራ አየች፤ ንጹሕ ነበር፣ አስቀመጠችው።

"እኔማ ቆጠርኩ።"